የኮምፒዩተር ፕሮግራም ባለቤት ማነው? ሕጉ ለሶፍትዌር ሠሪዎች የሰጠውና ያልሰጠው

አንድ ሰው የጎረቤቱን በሬ ነድቶ ቢወስድ ሌባ ይባላል፤ አገር ይከሰዋል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ያው ሰው አንድ ወጣት ለወራት እንቅልፉን አጥቶ የጻፈውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም በፍላሽ ገልብጦ ቢወስድ ግን «ጎበዝ ነው፣ ኮምፒዩተር ያውቃል» ተብሎ ይመሰገናል። እንዲህ ያለው አመለካከት የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። እኔ በምኖርበት በጋምቤላ ክልል፣ በማጃንግ ዞን፣ በመቲ ከተማም ነገሩ ያው ነው። ምናልባት ከዋና ከተማው ራቅ ስንል ይብስ ይሆናል።

በሙያዬ ኮምፒዩተር የምጠግንና አነስተኛ ፕሮግራሞችን የምጽፍ ሰው ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ላይ የተሠማሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ስላለ፣ አዋጆቹን አንብቤ የተረዳሁትን ለአንባብያን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ «የጻፍኩት ፕሮግራም የእኔ ነው ወይ?» የሚል ነው። መልሱ ግን እንደ ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ያህል፣ የአገራችን የቅጅ መብት ሕግ መነሻ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ስለ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ያኔ ኮምፒዩተር በአገራችን ስላልነበረ ስለ ፕሮግራም የሚናገር ቃል አልነበረውም፤ በዚህ ሕግ አውጪውን መውቀስ አይቻልም። በዓለም ላይም ቢሆን እስከ እ.ኤ.አ. 1969 ድረስ ፕሮግራም ራሱን ችሎ የሚሸጥ ዕቃ ተደርጎ እምብዛም አይታይም ነበር። በዚያ ዓመት ነው አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ኩባንያ ፕሮግራሞቹን ከማሽኑ ለይቶ በየራሳቸው ዋጋ ለመሸጥ መወሰኑን ያስታወቀው። ከዚያ በፊት ፕሮግራሙ ከማሽኑ ጋር እንደ ምራቂ የሚሰጥ ነበር ማለት ይቻላል። ዋጋ ሲወጣለት ግን ባለቤቱ ማነው የሚለው ጥያቄ አብሮ መጣ።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው ግልጽ መልስ የተሰጠው በ1996 ዓ.ም በወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ ጥበቃ ከሚያደርግላቸው ሥራዎች መካከል መጽሐፍን፣ የጋዜጣ ጽሑፍን፣ ንግግርንና ሙዚቃን ከዘረዘረበት መደዳ የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም አስቀምጧል። ይህ አካሄድ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አገሮች የሚገዙበት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነትም በ10ኛ አንቀጹ ፕሮግራም እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ሆኖ እንዲጠበቅ ያዛል። ፕሮግራም ጸሐፊው በሕጉ ዓይን የልብ ወለድ ደራሲው ወንድም ነው ማለት ነው። ብዙዎች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ነገር ግን በፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ መስመርም የሰው አእምሮ ያመነጨው ጽሑፍ መሆኑ አያከራክርም።

የአዋጁ አንቀጽ 6 ለእኛ ለገጠር ሠራተኞች ትልቅ የምሥራች ነው። የሥራ አመንጪው ጥበቃ የሚያገኘው ሥራውን ባመነጨበት ሰዓት ነው፤ ምንም ዓይነት ሥርዓት መፈጸም አይጠበቅበትም። መሟላት ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሥራው ወጥ የሆነ፣ ማለትም ከራሱ የፈለቀ መሆኑና ግዙፍነት ማግኘቱ ማለትም በጽሑፍ፣ በዲስክ ወይም በሌላ ነገር ላይ መስፈሩ። የጥራቱ ደረጃም ሆነ የተሠራበት ዓላማ አይጠየቅም። ስለዚህ ፕሮግራም ለማስመዝገብ አዲስ አበባ ድረስ ካልሄድኩ መብት የለኝም የሚለው በሰፊው የሚወራው ወሬ ስሕተት ነው። ምዝገባ አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 320/1995 የተቋቋመውና በኋላ ከጽሕፈት ቤትነት ወደ ባለሥልጣንነት የተለወጠው የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት የቅጅ መብት ሥራዎችን ይመዘግባል፤ የምስክር ወረቀቱ ክርክር ሲነሣ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። መብቱን የሚፈጥረው ግን ምዝገባው ሳይሆን ሥራው ነው።

የሥራ አመንጪው ሁለት ዓይነት መብት አለው። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ነው፤ ማባዛት፣ መተርጎም፣ ማሻሻል፣ ማሠራጨት፣ ማከራየት የመሳሰሉትን ራሱ ለማድረግ ወይም ለሌላ ለመፍቀድ ያስችለዋል። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፤ የሥራው አመንጪ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅና ክብሩን በሚነካ መንገድ ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም መብት ነው። የኢኮኖሚ መብቱ በአመንጪው ዕድሜ ልክና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል። ለፕሮግራም ይህን ያህል ጊዜ መስጠት በእኔ አስተያየት የበዛ ነው፤ ከ10 ዓመት በላይ የሚያገለግል ፕሮግራም ስንት አለ? ሕጉ ግን ፕሮግራምን ከልብ ወለድ ጋር በአንድ ቀንበር ስላጣመደው ዘመኑም አንድ ሆነ።

አበባው የማንም ነው

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መለየት አለበት። አዋጁ የሚጠብቀው ሐሳቡን አይደለም፤ ሐሳቡ የተገለጸበትን መንገድ ነው። ሐሳብ፣ ሥርዓት፣ የአሠራር ዘዴ፣ ቀመር፣ እንዲሁ የተሰበሰበ መረጃ፣ እነዚህ ሁሉ በአዋጁ ከጥበቃ ውጭ ናቸው። የማጃንግ ንብ አርቢ ይህን ለማስረዳት ይመቸኛል። ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ የሰቀለ ሰው ማሩ የእሱ ነው፤ ሌላው ቆርጦ ቢወስድበት ጠብ ነው። የጫካው አበባ ግን የማንም ነው፤ የእሱም የጎረቤቱም ንብ ትቀስመዋለች። «የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ያስረከቡትን ቡና በኮምፒዩተር እመዘግባለሁ» የሚለው ሐሳብ አበባው ነው። ያንን ለማድረግ አቤል ወይም ኦኬሎ የጻፈው ፕሮግራም ግን ቀፎው ነው። ሐሳቡን ሰምቶ ከባዶ የራሱን ፕሮግራም የጻፈ ሌላ ሰው ማንንም አልሰረቀም።

(የጫካው ዕውቀት ራሱ፣ ማለትም ስለ ዕፅዋትና ስለ ንብ ከአባት ወደ ልጅ የወረደው፣ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚባል አለ። የማጃንግ ደን እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ከተመዘገበ ወዲህ ጉዳዩ ለእኛ ይበልጥ ይገደናል። ግን እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ልለፈው።)

ይህ የሐሳብና የአገላለጽ ልዩነት በትልልቆቹም ዘንድ ብዙ አከራክሯል። ጉግል የተባለው ኩባንያ ለአንድሮይድ ስልክ ሲል ከኦራክል ኩባንያ የጃቫ ፕሮግራም 11,500 ያህል መስመሮች ወስዷል ተብሎ ከ10 ዓመት በላይ ሲካሰሱ ቆይተው፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የጉግል አጠቃቀም ሕጉ የሚፈቅደው ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው ሲል ወስኗል። ቢሊዮን ዶላር የሚያንቀሳቅሱ ኩባንያዎችና ምርጥ ጠበቆቻቸው ያልተስማሙበትን ድንበር እኛ በአንድ ቀን እናሠምራለን ማለት አይቻልም።

በአገራችን ታሪክ ከዚህ ጋር የሚቀራረበው የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር የመጻፍ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን ከኮምፒዩተር ጋር ማስማማት ጀመሩ። ቀጥሎ በአገር ውስጥም ተሠራ፤ የካስተር ኩባንያ ቪዥዋል ግዕዝና የኮንሴፕትስ ዳታ ሲስተምስ ፓወር ግዕዝ በየመሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ገቡ። ያን ጊዜ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ይታይ ነበር፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሠሪ ለ«ሀ» እና ለ«ለ» የየራሱን ቁጥር ሰጥቶ ስለነበር ነው። ችግሩ በመሠረቱ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን 345 ምልክቶች መድቦ ሲያካትት ነው። ከዚያ በኋላ «ሀ» በየትም ዓለም አንድ ቁጥር አላት፤ የማንም ኩባንያ ንብረትም አይደለችም። እዚህ ላይ ፊደሉ፣ የፊደሉን መልክ የያዘው ፎንት የተባለው ፕሮግራምና ፊደሉ በቁልፍ የሚጻፍበት ዘዴ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ፊደሉ የአባቶቻችን ነው። ፎንቱ ፕሮግራም ስለሆነ ሠሪው የቅጅ መብት አለው። የአጻጻፍ ዘዴውስ?

ዘዴን የሚጠብቀው የቅጅ መብት ሳይሆን ፓተንት ነው። በዚህ ረገድ በአሜሪካ የሚኖሩት ዶክተር አበራ ሞላ፣ በግዕዝ ፊደል የኮምፒዩተር ሥራ ከቀደምቶቹ አንዱ፣ የግዕዝ ፊደላትን ስለ መክተቢያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2015 ቁጥር 9,000,957 የሆነ የአሜሪካ ፓተንት አግኝተዋል፤ በ2017ም ሌላ ተጨምሮላቸዋል። በእኛ አገር ግን ስለ ፈጠራ፣ ስለ አነስተኛ ፈጠራና ስለ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ፓተንት ከማይሰጣቸው ነገሮች መካከል አስቀምጦታል። ፓተንት ደግሞ ድንበር አይሻገርም፤ ዋሽንግተን የሰጠችው ፓተንት መቲ ላይ አይሠራም። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ ሕጋችን ኋላ ቀር ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ለአጻጻፍ ዘዴ ሁሉ ፓተንት ቢሰጥ ኖሮ፣ ለአንድ ቁልፍ አነካክ ፈቃድ ለመጠየቅ የሚንከራተተው እንደ እኔ ያለው ትንሹ ሠሪ ነበር። በሌላ በኩል ዘዴውን ለማግኘት ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ሲመጣ የምንሰጠው መልስ «ሐሳብ ባለቤት የለውም» ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። ሁለቱም እውነት ነው።

የቀጠረህ ወይስ አንተ?

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ። ወጣቶቻችን ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት በሰራቂ ሳይሆን በአንቀጽ 21 ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አንቀጹ የመጀመሪያው የኢኮኖሚ መብት ባለቤት የሥራ አመንጪው ነው ብሎ ከጀመረ በኋላ፣ ሥራው በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል ታዞ የተሠራ እንደ ሆነ ግን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ ባለቤት ቀጣሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው ይላል።

እንበል፣ መቲ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። አንድ የማር አምራቾች ማኅበር የአባላቱን ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም እንድትሠራለት ጠየቃት። ዋጋ ተስማሙ፤ ነገር ግን ስለ ባለቤትነት አንዲት ቃል አልተጻፈም። ሠርታ አስረከበች። በዓመቱ ቴፒ ያለ ሌላ ማኅበር መጥቶ ያንኑ ፕሮግራም ሽጪልኝ አላት። መሸጥ ትችላለች? በሕጉ መሠረት የመጀመሪያው ማኅበር ሊከለክላት ይችላል። የመሸጥ መብቱ በዝምታቸው ምክንያት ወደ አዛዡ ሄዷል። ማኅበሩ ራሱ ደግሞ ፕሮግራሙን አባዝቶ ለ20 ማኅበራት ቢሸጥ ከሽያጩ ለእሷ የሚደርሳት ድርሻ የለም። የቀራት የሞራል መብቷ ነው፤ እሱም በሕይወት እስካለች ለሌላ የማይተላለፍ ነው። ስሟን ፍቀው ቢያወጡት መቃወም ትችላለች፤ ስም ግን እንጀራ አይሆንም።

እኔም ብሆን ከዚህ የራቅሁ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት ስሙን መጥቀስ ለማልፈልገው አንድ ድርጅት የደመወዝ መክፈያ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ውላችን ለዚያ ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ እንደሚያገለግልና የፕሮግራሙ ባለቤት እኔ እንደ ሆንኩ በግልጽ ይናገራል። ከጊዜ በኋላ በሌላ ከተማ ኮምፒዩተር ልጠግን ገብቼ ስከፍተው ያው የእኔው ፕሮግራም፣ የእኔው የፊደል ግድፈት ሳይቀር፣ የሌላ ሰው ስም ተጽፎበት አገኘሁት። ውሉ በእጄ ስለነበር ነገሩ በንግግር ተቋጨ፤ ከፈሉኝ፣ ስሜም ተመለሰ። ያ አንድ ገጽ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ምን እል ነበር?

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአማርኛ፣ ሁለቱም ወገን በሚገባው ቋንቋ፣ አጭር ውል ይጻፍ። የኢኮኖሚ መብቱ የማን እንደሚሆን፤ አዛዡ በስንት ኮምፒዩተር ላይ ሊጠቀምበት እንደሚችል፤ ምንጭ ኮዱ ይሰጠዋል ወይስ የሚሠራው ፕሮግራም ብቻ፤ ማሻሻያ ሲያስፈልግ ማን እንደሚሠራ፤ እነዚህ ይግቡበት። መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት አዋጁ ራሱ ያዛል፤ በእኛ አገር «በእምነት» የሚባለው ነገር ግን ብዙ ሰው አስለቅሷል። ሥራው የተጻፈበትን ቀን የሚያሳዩ ኢሜይሎችና የየዕለቱ ቅጂዎችም ይቀመጡ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ፣ «ኢሜይል ማስረጃ አይሆንም» ለሚል ተከራካሪ መልስ አለ።

መገልበጥ እስከ ምን ድረስ?

አንድ ግለሰብ ለራሱ ጥቅም ከመጽሐፍ ጥቂት ገጽ ቢገለብጥ አዋጁ በአንቀጽ 9 ይታገሠዋል። ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን ይህ ትዕግሥት አልተሰጠም። በአንቀጽ 14 የተፈቀደው፣ ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ፕሮግራሙን ለተገዛበት ዓላማ ለመጠቀም ወይም ዋናው ቢጠፋ መተኪያ እንዲሆነው አንድ ቅጂ ማስቀመጥ ነው። ይዞታው ሕጋዊ መሆኑ ሲያበቃ ቅጂውም መጥፋት አለበት። «ለግሌ ነው» ማለት ለፕሮግራም አያዋጣም።

ታዲያ በየጽሕፈት ቤቱና በየኮምፒዩተር ቤቱ ያለው የዊንዶውስና የሌላው የውጭ ፕሮግራም ቅጂ እንዴት ይታያል? የአዋጁ አንቀጽ 3 ጥበቃው ለኢትዮጵያውያንና በኢትዮጵያ ለሚኖሩ አመንጪዎች፣ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ለታተሙ ሥራዎች፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ለሚጠበቁ ሥራዎች መሆኑን ይናገራል። አዋጁ ሲወጣ አገራችን ከ1990 ጀምሮ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል ብትሆንም የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። ብዙ ሰው ይህን ቀዳዳ ሰምቶ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ከዚህ ቀዳዳ ይበልጥ የተጎዳው ማይክሮሶፍት ሳይሆን የአገር ውስጥ ሠሪ ነው እላለሁ። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም በባዶ ሲዲ ዋጋ በሚገኝበት ገበያ፣ በአማርኛ የሚሠራ፣ የእኛን የቀን አቆጣጠርና የእኛን ግብር የሚያውቅ ፕሮግራም ጽፎ በሚገባው ዋጋ የሚሸጥ ማነው? የውጩ ኩባንያ በሌላ ገበያ ይከፈለዋል። የእኛው ልጅ ሌላ ገበያ የለውም።

መክፈል ለማይችል ደግሞ ሕጋዊው መንገድ ስርቆት ብቻ አይደለም። ነፃ ሶፍትዌር የሚባለው እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ1983 በሪቻርድ ስቶልማን ተጀምሮ ዛሬ ሊኑክስንና ሊብረኦፊስን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኙበታል። አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፎንትም በነፃ ፈቃድ የሚሠራጭ ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ አሉ፤ ነፃ ማለት ባለቤት የለሽ ማለት አይደለም። ነፃ ፈቃዱ ራሱ የቆመው በቅጅ መብት ላይ ነው፤ ባለቤቱ ነው በእነዚህ ግዴታዎች ተጠቀሙ ብሎ የፈቀደው። ግዴታውን የጣሰ ሰው መብት ጥሷል።

መብቱ የተጣሰበት ሰው ወዴት ይሄዳል? የቅጅ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ስለሆነ ክርክሩ የወረዳ ፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም። የጋምቤላ ክልል በአዋጅ ቁጥር 322/1995 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋምባቸው ከተወሰኑት አምስት ክልሎች አንዱ ነው። በወረቀት ላይ እንግዲህ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም ማለት ነው። መቲን የሚያውቅ ግን ከዚህ ጋምቤላ ከተማ ድረስ ለቀጠሮ መመላለስ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል፤ ቴፒና ሚዛን ይቀርቡናል፣ እነሱ ደግሞ ሌላ ክልል ናቸው።

አዋጁ በቅጣት በኩል አልሰሰተም። የ1996ቱ ድንጋጌ መብትን ሆነ ብሎ ለጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አስቀምጦ ነበር፤ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለውም ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ በአንቀጽ 34 ደንግጓል። በ2007 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ በተለይ የጋራ አስተዳደር ማኅበራትንና የሮያሊቲ አሰባሰብን መልክ ሰጥቷል። የዚህ ማሻሻያ ትሩፋት በይበልጥ የታሰበው ለሙዚቀኞችና ለመሰሎቻቸው ነው፤ ሬዲዮ የሚያሰማው ዘፈን ይቆጠራል፣ ቢሮ ውስጥ የተገለበጠ ፕሮግራም ግን ማን ይቆጥረዋል? በእኔ እምነት ቅጣቱን ከማክበድ ይልቅ ለሶፍትዌር ሠሪው የሚጠቅመው ትንሽ ገንዘብ ያለበትን ክርክር በአጭር ጊዜና በቅርብ ቦታ የሚጨርስ መንገድ ነው። በ8,000 ብር ለተሸጠ ፕሮግራም ዓመት የሚመላለስ የለም።

የንግድ ምልክትም ይታሰብበት። ፕሮግራሙን መልኩን ቀይሮ የሚጽፍ ሰው ሊያመልጥ ይችላል፤ በገበያ የታወቀውን ስም ይዞ ሲነግድ ግን አዋጅ ቁጥር 501/1998 ይይዘዋል። እዚህ ግን ከቅጅ መብት በተቃራኒ ምዝገባ የግድ ነው፤ ለ7 ዓመት የሚያገለግልና የሚታደስ ነው። የደንበኞች ዝርዝርንና የውስጥ አሠራርን ሠራተኛ ይዞ እንዳይወጣ ለማድረግ ደግሞ ከሠራተኛው ጋር የምሥጢር ጥበቃ ቃል መፈራረም ይጠቅማል።

ከመጨረሴ በፊት ከወጣቶች አንዱ የጠየቀኝን ልመልስ። «ከቀጣሪዬ ቢሮ ውጭ፣ በራሴ ላፕቶፕ፣ ሌሊት የጻፍኩትስ?» ብሎኛል። አንቀጽ 21 የሚናገረው በሥራ ውል መሠረት ስለ ተሠራ ሥራ ነው። የሥራ መደቡ ሒሳብ ሹም የሆነ ሰው ሌሊት የጻፈው የመዝሙር መማሪያ ፕሮግራም የራሱ ነው። የሥራ መደቡ ፕሮግራመር ሆኖ ቀን የጀመረውን የቢሮውን ፕሮግራም ሌሊት ቤቱ የጨረሰ ግን ላፕቶፑ የራሱ መሆኑ አያድነውም። በመካከሉ ያለው ሁሉ የሚታየው በቅጥር ደብዳቤው ላይ በተጻፈው የሥራ ዝርዝር ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ዛሬውኑ አውጥቶ ያንብበው።